የመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ሲከፈት

ሳን ሆዜ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ኦክላንድ ካሉ ወገኖች የሚደወልልኝ ስልክ አብዛኛው በአንድ ጉዳይ ነው፦ «ወንድሜ፣ የመሥሪያ ቤቴን ቪፒኤን ስከፍት ፕሪንተሩ አልታይ ይላል፣ ቪዲዮም ይቆራረጣል። ዋይፋዬ ተበላሽቶ ይሆን?» ዋይፋዩ ደኅና ነው። የተለወጠው መንገዱ ነው።

ሀገር ቤት ቪፒኤንን የምናውቀው በሌላ ሥራው ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ ሰው ቪፒኤን የጫነው እገዳውን ለማለፍ ነበር። ከዚያ ልማድ የተነሣ ብዙዎቻችን ቪፒኤን ከከፈትን የተሰወርን ይመስለናል። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ግን የሚጠብቀው የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ነው፤ የግል ጉዳያችሁም በእሱ በኩል ካለፈ የሚያልፈው በአሠሪያችሁ ደጅ ነው።

ከቤቷ ሆና የሕክምና ሒሳብ የምትሠራ አንዲት እኅት ላፕቶፕ ላይ ይህንኑ አብረን አየን። ኮምፒውተር ሁሉ መልእክቱን በየት በኩል እንደሚልክ የሚያይበት ሠንጠረዥ አለው። በ0.0.0.0 የሚጀምረው መስመር «ሌላ መንገድ ያልተሰጠው ሁሉ በዚህ ይውጣ» ማለት ነው። ቪፒኤኑ ሲዘጋ ወደ ቤቷ ራውተር፣ ወደ 192.168.1.1 ያመለክታል። ሲከፈት ግን ሌላ መስመር ይገባና ይቀድመዋል፤ ያም የሚወስደው ቨርጂኒያ ወዳለው የድርጅቱ መግቢያ ነው። ሳን ሆዜ ካለ ሰርቨር ሊመጣላት ይችል የነበረው ቪዲዮ አሁን አሜሪካን አቋርጦ ይመላለሳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ መግቢያው ሲጨናነቅ ደግሞ ከዚያ ብዙ ይብሳል። ፕሪንተሩ የጠፋው በሌላ ምክንያት ነው፦ ድርጅቱ ከቤት ውስጥ ዕቃዎች ጋር መገናኘትን አውቆ ዘግቶታል።

ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። አንድ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱም ከውጭም ጋር ከተገናኘ፣ ከውጭ የገባ ሰርጎ ገብ ወደ ውስጥ መሻገሪያ ያገኛል። የአሜሪካ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለመንግሥት ተቋራጮች ያወጣው 800-171 የተባለው መመሪያ «ስፕሊት ተነሊንግ» የሚባለውን ይህን አሠራር ለዓመታት ሲከለክል የቆየው ለዚሁ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020 የቤይ ኤሪያ ስድስት ካውንቲዎች ነዋሪውን ቤት ባስቀመጡ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ በጠባቡ ደጅ ሊገባ ተጋፋ። ማይክሮሶፍትም የኦፊስ 365 አገልግሎቶቹ በቪፒኤን ሳይዞሩ በቀጥታ እንዲሄዱ ደንበኞቹን መከረ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፦ የሕሙማንን ወይም የመንግሥትን ምስጢር በማይነካ ሥራ ላይ፣ ወደ ቪፒኤኑ መግባት ያለበት የሥራው ብቻ ነው።

ፍጥነቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ሁሉም በቪፒኤኑ ሲያልፍ ድርጅቱ የትኞቹን ድረ ገጾች በስንት ሰዓት እንደከፈታችሁ ማየት ይችላል። ላፕቶፑ ላይ የራሱን ሰርተፊኬት ከጫነና ትራፊኩን የሚፈታ መሣሪያ ካለው ደግሞ የተጻፈውንም ጭምር። ለኢሚግሬሽን ጠበቃ የሚላክ ሰነድ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሐኪም ውጤት በዚያ ላፕቶፕ ላይ መከፈት የለበትም። ቪፒኤኑን ብትዘጉትም እንኳ ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው።

ብዙ ሰው ቪፒኤን ሲከፈት ቤቱ በሙሉ የሚገባበት ይመስለዋል። የሚገባው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መተግበሪያ ያልተጫነበት የግል ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆኖ እንደ ወትሮው በራሱ መንገድ ይሄዳል። የግል ጉዳያችሁን በእሱ ጨርሱ። ሠንጠረዡን በራሳችሁ አትነካኩ፤ ደንብ መጣስ ተብሎ ከሥራ ሊያሰናብት ይችላል። ይልቅ ለአይቲ ክፍሉ በኢሜይል ጻፉ፦ ሁሉም ትራፊክ ነው የሚገባው ወይስ የሥራው ብቻ? የቤቴን ፕሪንተር መጠቀም ይፈቀዳል?

በየድርጅቱ የአይቲ ክፍል የምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼም፣ ይህን ሠራተኛው እስኪጠይቅ አትጠብቁ። ላፕቶፑን ስታስረክቡት በዚያው ቀን በግልጽ ንገሩት።