ኢንፌክሽን ቀድሞ ያስቆጣው አንጎል፦ የጨቅላ ሕፃናት መታፈንና ብግነት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ምጥ የጠናባት እናት ከጤና ጣቢያ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ሆስፒታል፣ የባሰ ሲሆንም ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ባሕር ዳር ልትላክ ትችላለች። በዚህ ጉዞ ሁለት አደጋዎች አብረው ይሄዳሉ። ምጡ ሲራዘም ለሕፃኑ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ ብዙ ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ባክቴሪያ ወደ ማሕፀን የሚገባበት ዕድል ይሰፋል። በሕክምና መዝገብ ላይ ሁለቱ “መታፈን” እና “ሴፕሲስ” ተብለው በተለያየ ስም ይሰፍራሉ። ላለፉት ሃያ ዓመታት የተካሄደው የነርቭ ሳይንስ ምርምር ግን ሁለቱ በአንድ ሕፃን ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ አመልክቷል።

ጉዳዩ ለአማራ ክልል የሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በክልሉ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 47ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው መሞታቸውን መዝግቧል።

ሁለት ምዕራፍ ያለው ጉዳት

መታፈን በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሕፃኑ መተንፈስ በጀመረበት ቅጽበት አያበቃም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሕዋሳት ኃይል ያጣሉ፤ ከፊሎቹም ወዲያው ይሞታሉ። ደምና ኦክስጅን ሲመለስ አንጎሉ ለጥቂት ሰዓታት ያገገመ ይመስላል። ከዚያም ሁለተኛው የኃይል እጥረት ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ የሰውነት መንቀጥቀጥ የሚታየውም በዚህ ወቅት ነው። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ያለው ፋታ ለሕክምና የተከፈተ በር ሲሆን፣ በተለምዶ ስድስት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ይታሰባል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ብግነት ትልቅ ድርሻ አለው። የአንጎል የመከላከያ ሕዋሳት የሆኑት ማይክሮግሊያ ጉዳት ሲሰማቸው ይነቃሉ፤ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችንም ይለቃሉ። ይህ ምላሽ የሞቱ ሕዋሳትን ለማጽዳት ያስፈልጋል። ከመጠን ሲያልፍ ግን በሕይወት ያሉትን የነርቭ ሕዋሳትና የነርቭ ሽፋን የሚሠሩ ገና ያልበሰሉ ሕዋሳትን ጭምር ይጎዳል።

የጎተንበርግ ሙከራ

በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዋ ካሪና ማላርድ፣ ሄንሪክ ሃግበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ወደ ኋላ መለሰው፦ መታፈኑ ከመድረሱ በፊት ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር እየታገለ ቢሆንስ? ተመራማሪዎቹ የሰባት ቀን የአይጥ ግልገሎችን መረጡ። በቅድሚያ ሊፖፖሊሳካራይድ የተባለውን፣ በግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ላይ የሚገኘውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሰጧቸው፤ ከሰዓታት በኋላም ለአጭር ጊዜ ደምና ኦክስጅን ቀነሱባቸው። ብቻውን ሲሆን አንጎልን እምብዛም የማይጎዳው አጭር የኦክስጅን እጥረት፣ ንጥረ ነገሩን ቀድመው በወሰዱት ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ።

ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ውጤት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ንጥረ ነገሩ ከኦክስጅን እጥረቱ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሰጥ ጉዳቱ ባሰ፤ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሰጥ ቀነሰ፤ 72 ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሰጥ ደግሞ እንደገና ባሰ። ስለዚህ ብግነት አንጎልን ሊያጋልጠውም ሊያጠነክረውም ይችላል፤ የሚወስነው ጊዜው ነው።

ማቀዝቀዝ የማይሠራበት ጊዜ

በበለጸጉ አገሮች ለታፈኑ ጨቅላ ሕፃናት የሚሰጠው ዋና ሕክምና የሰውነትን ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ዝቅ አድርጎ ለ72 ሰዓት ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የኮክሬን ግምገማ በ11 ሙከራዎች የተሳተፉ 1,505 ሕፃናትን መርምሮ፣ ሕክምናው ሞትንና ከባድ የአካል ጉዳትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ 408 ሕፃናትን ያካተተው “ሄሊክስ” የተባለው ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላ ውጤት ይዞ ወጣ። ከቀዘቀዙት ሕፃናት 42 በመቶው፣ ካልቀዘቀዙት ደግሞ 31 በመቶው ሞቱ። ለልዩነቱ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ጉዳቱ ከወሊድ በፊት ቀስ በቀስ የጀመረ በመሆኑ የሕክምናው በር ቀድሞ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሌላው ኢንፌክሽንን ይመለከታል፤ በሰው ላይ ገና ባይረጋገጥም በአይጥ ሙከራ ድጋፍ አለው። የማሪያኔ ቶሬሰን የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳየው፣ ሊፖፖሊሳካራይድ ቀድሞ የተሰጣቸውን ግልገሎች ማቀዝቀዝ አንጎላቸውን አላዳነም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያን በሚመስል ንጥረ ነገር ሲሞከር ማቀዝቀዙ ጠቅሟል። የባክቴሪያው ዓይነት የሕክምናውን ውጤት ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ትርጉም አለው። በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተካሄደውና ከኢትዮጵያ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን ያካተተው “ባርናርድስ” ጥናት፣ ከጨቅላ ሕፃናት ሴፕሲስ መንስኤዎች ቀዳሚው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ መሆኑን አግኝቷል። ይህ ባክቴሪያ ግራም ኔጋቲቭ ነው፤ ሽፋኑም ሊፖፖሊሳካራይድ ይይዛል።

ለአዊ ዞን ምን ይከተላል?

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ከተማ ናት። ማቀዝቀዝ ርካሽ መስሎ ሊታይ የሚችለውም እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። ሆኖም በቁጥጥር ሥር የሚደረግ ማቀዝቀዝና ሕፃን እንዲሁ ብርድ ሲመታው ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ያልተቋረጠ የሙቀት ልኬት፣ የአተነፋፈስና የደም ዝውውር ድጋፍ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ለሞት ያጋልጣል። ከላይ የተጠቀሰው ማስረጃ ባለበት ሁኔታ ሕክምናውን እንዳለ መቅዳት አይመከርም። አሁን በእጅ ያለው ጥበቃ ምጥን በቅርብ መከታተል፣ የእንሽርት ውሃ የፈሰሰበትን ሰዓት መመዝገብ፣ የእናትን ኢንፌክሽን በጊዜ ማከም፣ የታፈነ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ደቂቃ መተንፈስ እንዲጀምር መርዳት፣ በሪፈር ጉዞም ሕፃኑን ከብርድ መከለል ነው።

ለምርምር የሚቀረው ሥራም ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መታፈንና ኢንፌክሽን በአንድ ሕፃን ላይ ስንት ጊዜ አብረው ይታያሉ? የትኛው ከስንት ሰዓት በፊት ጀመረ? ሕፃኑ ሆስፒታል ሲደርስ ሙቀቱ ስንት ነበር? ከደሙ የተገኘውስ ባክቴሪያ የትኛው ነው? በሕይወት የወጡት ሕፃናት በሁለት ዓመታቸው ይሄዳሉ፣ ይናገራሉ? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች በአንድ መዝገብ ላይ ከተሟሉ፣ በጎተንበርግ ቤተ ሙከራ በአይጥ ላይ የታየው ነገር በአዊ ሕፃናት ላይ መኖር አለመኖሩን መፈተሽ ይቻላል። ያ ሳይታወቅ የሚመረጥ የአንጎል መጠበቂያ ሕክምና ግን ጠቃሚ ይሁን ጎጂ አስቀድሞ መናገር ያስቸግራል።