ጃቫን ለሚጀምር የሳጉሬ ልጅ

ጤና ሚኒስቴር ከየተቋሙ የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው ሥርዓት የተጻፈው በጃቫ ነው። በየኪሳችን ካሉት የአንድሮይድ አፖች ብዙዎቹ የተሠሩት በጃቫ ወይም የቅርብ ዘመዱ በሆነው በኮትሊን ነው። ከአሰላ ወደ ቦቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሳጉሬ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ጃቫ የጀመረ ተማሪ ስለዚህ የያዘው እንጀራ የሚያበላ ሙያ ነው። የሚያስቸግረው ሲጨንቀው የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አለመኖሩ ነው። መምህሩ አሰላ ወይም አዳማ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ የማይገኙበት ቀንም አለ። ያኔ ያለው ብቸኛ አስተማሪ ስክሪኑ ላይ የወጣው የስህተት መልእክት ነው። ያም በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ የጨረሰ ሊሆን ይችላል። ያንን መልእክት ማንበብ የቻለ ልጅ ብቻውንም ቢሆን ይዘልቃል ብዬ አምናለሁ።

ጃቫን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ቋንቋውን በመፍጠር ስሙ የሚነሳው ጄምስ ጎስሊንግ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል ጠቀለለው። አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። ተማሪው የጻፈውን ፋይል ጃቫክ የሚባለው ኮምፓይለር ያነብና ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ያንን ባይትኮድ ደግሞ የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ተቀብሎ ያስኬደዋል። ሳጉሬ ላይ በዊንዶውስ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም አዲስ አበባ ባለ የሊነክስ ሰርቨር ላይ ሳይነካ የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን አሠራር ያወቀ ጀማሪ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ ምን መጠየቅ እንዳለበትም ያውቃል። ሥራው የቆመው ጃቫክ ገና ሳይነሳ ነው? ጃቫክ አላሳልፍም ብሎ ነው? ካለፈ በኋላ ሲሄድ ወድቆ ነው? ወይስ እስከ መጨረሻው ሄዶ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ? የአራቱ መፍትሔ የተለያየ ስለሆነ ይህን ሳይለዩ ኮዱን መነካካት የሚሠራውንም ማበላሸት ነው።

ጃቫክ ሳይነሳ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ጃቫክ ተብሎ ሲጻፍ ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም ካለ፣ ወይ ጄዲኬ የሚባለው የመሥሪያ ጥቅል አልተጫነም፣ ወይ ዊንዶውስ የት እንዳለ አልተነገረውም። የሚነገረው ፓዝ በተባለው ዝርዝር ውስጥ የጄዲኬውን ቢን ፎልደር በማስገባት ነው፤ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል፣ የቀድሞው መስኮት አዲሱን ዝርዝር አያይምና። ክፍያ አለው ወይ ለሚሉ፣ ኦፕን ጄዲኬ በነፃ ይገኛል፤ ቴሙሪን የሚባለው ስሪት ደግሞ ዝግጁ ሆኖ የሚወርድ ነው። ከአሰላ በፍላሽ አምጥቶ መጫንም ይቻላል። ሌላው የመጀመሪያ ቀን ወጥመድ ኖትፓድ ነው። ተማሪው በጃቫ ቅጥያ ያስቀመጠው እየመሰለው ኖትፓድ ከኋላው ቲኤክስቲ ይጨምርበታል፤ ዊንዶውስ ቅጥያውን ስለሚደብቀው ዓይን አያየውም። የፋይል ቅጥያዎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ አንዴ ማብራት ከዚህ ይገላግላል።

ጃቫክ ከተነሳ በኋላ የሚያወጣው የስህተት መዓት ጀማሪን ያስደነግጣል። አሥራ ሰባት ስህተት አለ ቢልም አንዱን፣ የመጀመሪያውን ብቻ ማንበብ ነው፤ የቀሩት ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያውን አስተካክሎ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። መልእክቱ የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥርና ምክንያቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ምልክት ደግሞ ቦታውን ትጠቁማለች። ሴሚኮለን ሲረሳ ጥቆማው ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል። የጥምዝ ቅንፍ መዝጊያን } መርሳት ግን ያታልላል፦ ኮምፓይለሩ መዝጊያውን ፍለጋ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ይሄድና ስህተቱን እዚያ ይናገራል፣ ጉድለቱ ግን መሃል ላይ ነው። ቅንፍ ሲከፍቱ መዝጊያውን ወዲያው ጽፎ መሃሉን በኋላ መሙላት ጥሩ ልማድ ነው። ካኖት ፋይንድ ሲምቦል የሚለው ደግሞ ይህን ስም አላውቀውም ማለት ነው። ጃቫ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ስለሚለይ ስትሪንግ በትንሹ ፊደል ከተጀመረ አያውቀውም፤ ከኪቦርድ የሚገባውን የሚያነበውን ስካነርንም ከላይ ኢምፖርት ካላደረጉለት አያውቀውም። ፐብሊክ የተባለ ክላስ ስሙ ከፋይሉ ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

በእኛ አገር በተለይ የሚገጥም የኮምፓይል ስህተትም አለ፤ ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት ስለማያነሱት እዚህ ላይ ልቆይበት። ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳለ የሴሚኮለኑን ( ; ) ቁልፍ ሲጫኑ በብዙዎቹ የግዕዝ መጻፊያዎች ፤ ይወጣል። በዓይን ሲያዩት ያው ይመስላል፤ ኮምፓይለሩ ግን ኢሊጋል ካራክተር ብሎ 1364 የሚል ቁጥር ያሳያል። ይህ የድርብ ሰረዝ የዩኒኮድ ቁጥር ነው። በዚህ መልእክት ውስጥ ከ1361 እስከ 1368 ያለ ቁጥር ያየ ሰው የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ኮዱ ውስጥ እንደገባ ይወቅ። ከዎርድ ሰነድ የተቀዳ ኮድም ተመሳሳይ መልእክት ያመጣል፤ እዚያ ጥፋተኛው ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ተክቶ የገባው ጠምዛዛው ነው። በአፋን ኦሮሞ ለሚጽፍም የራሱ ወጥመድ አለው። ቁልምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የስንዴ ዝርያዎች አንዱ ዳንዳአ ነው፤ በቁቤ ሲጻፍ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ሁዻ፣ ያቺ ከላይ የምትቀመጥ ነጠላ ምልክት አለችው። ተማሪው የዝርያውን ስም በነጠላ ጥቅስ ከከበበው ጃቫ ግራ ይጋባል፣ ነጠላ ጥቅስ የአንድ ፊደል ብቻ መያዣ ነውና። በድርብ ጥቅስ ውስጥ ከገባ ሁዻዋ ምንም ችግር አታመጣም።

ቤት የሠራውን ፋይል በፍላሽ ይዞ አሰላ ላብራቶሪ ሲያስኬደው አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን የሚል የገጠመው፣ በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ይይ። ከእያንዳንዱ 44 ሲቀነስ የጃቫው ስሪት ይገኛል፦ 52 ማለት ጃቫ 8፣ 61 ማለት ጃቫ 17፣ 65 ማለት ጃቫ 21 ነው። ቤት ያለው አዲስ፣ ላብራቶሪ ያለው አሮጌ ነው ማለት ነው። ዋናውን የጃቫ ፋይል ይዞ ሄዶ እዚያው ኮምፓይል ማድረግ ይበቃል፤ አዲሱ ስሪት ብቻ የሚያውቀውን አጻጻፍ እስካልተጠቀመ ድረስ።

ፕሮግራሙ ተነስቶ ሲሄድ መሃል ላይ ቢወድቅ ጃቫ ኤክሴፕሽን የሚባለውን የውድቀቱን ዓይነት በስሙ ይጽፍና ከሥሩ የተጠሩትን ሜተዶች ይደረድራል። እዚህም ከላይ ይጀመራል፤ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት በራስ ፋይል ስም የተጻፈው መስመር ነው። ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን በጣም የታወቀው ነው፦ ስም አለ፣ ስሙ የሚያመለክተው ነገር ግን የለም። ከጃቫ 15 ወዲህ መልእክቱ ባዶ የሆነው የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል፤ አሮጌ ስሪት ለሚጠቀም ሰው ይህ ብቻውን ለማሻሻል በቂ ምክንያት ነው። አራት የስንዴ ዝርያ በያዘ አሬይ ላይ ደግሞ ኢንዴክስ 4 ከርዝመት 4 ውጪ ነው የሚል ከመጣ፣ ቆጠራው ከ0 ተነስቶ 3 ላይ እንደሚያበቃ ተረስቷል።

ስካነርን በተመለከተ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ ዕድሜ ጠይቆ ስም ሲጠይቅ ስሙን ሳይጠብቅ ለምን ያልፋል? ኔክስት ኢንት የተባለው ሜተድ ቁጥሩን ብቻ ያነሳል፣ ከቁጥሩ በኋላ የተጫነውን ኢንተር እዚያው ይተዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ኔክስት ላይን ያንን የተተወ ኢንተር እንደ ሙሉ መስመር ቆጥሮ ባዶ ስም ይመልሳል። በመሃላቸው አንድ ተጨማሪ ኔክስት ላይን መጥራት ይፈታዋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ዓይነት ነው፤ ምንም መልእክት ሳይኖር መልሱ የሚሳሳትበት። ከ2 ሄክታር 45 ኩንታል ስንዴ የተገኘበትን ማሳ ምርታማነት የሚያሰላ ፕሮግራም ሁለቱንም የሙሉ ቁጥር መያዣ በሆነው በኢንት ከያዘ መልሱ 22 ይሆናል። ግማሹ ኩንታል ጠፍቷል፤ ጃቫም አንዳች አላለም። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ይጣላልና አንዱ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዘው ደብል መሆን አለበት። ገንዘብ ሲሆን ግን ደብልም አያስተማምንም፦ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይወጣል። ስለዚህ ብርን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ የተሻለ ነው። እዚያም ሌላ ጉድጓድ አለ። የኢንት ጣሪያ 2,147,483,647 ነው። የአንድ የገበሬዎች ዩኒየን 30 ሚሊዮን ብር በሳንቲም 3 ቢሊዮን ስለሚሆን ከጣሪያው ያልፍና −1,294,967,296 ሆኖ ይታያል። ከኢንት የሰፋውን ሎንግ መጠቀም ያድናል። እንዲህ ያለውን ስህተት መልእክት በማንበብ አይደርሱበትም፤ በእጅ የተሠላ መልስ አስቀድሞ ይዞ ከፕሮግራሙ ጋር ማስተያየት ብቻ ያወጣዋል። የሰው እህልና ገንዘብ የሚቆጥር ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ይልመደው።

ሁለት ጽሑፎችን በ== ማስተያየትም እንዲሁ ዝም ብሎ ያሳስታል። == ሁለቱ ስሞች የሚያመለክቱት አንድ ዕቃ መሆኑን ይጠይቃል እንጂ ጽሑፉ አንድ መሆኑን አይጠይቅም። ከኪቦርድ የገባ ሳጉሬ ኮዱ ውስጥ ከተጻፈው ሳጉሬ ጋር በ== አይገጥምም፤ ኢኳልስ በተባለው ሜተድ ግን ይገጥማል። በአማርኛ ስንሠራ ኢኳልስም ብቻውን አይበቃም። ፀሐይና ጸሃይ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለጃቫ ሁለት። የዕድር መዝገብ የሚሠራ ተማሪ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ሜተድ ጽፎ ከማስተያየቱ በፊት ሊያሳልፋቸው ይገባል። አለዚያ አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ትመዘገባለች፣ ወይም በሐዘኗ ቀን ስሟ ይታጣል። በሌላ በኩል የሚያስደስት ነገርም አለ፦ የዩኒኮድ ቁጥሮች የተደረደሩት በሀ ሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ ስሞችን ሶርት ማድረግ ያለ ተጨማሪ ድካም እንደ መዝገበ ቃላታችን ያሰልፋቸዋል። ሳጉሬ የሚለው ቃል ርዝመቱ 3 ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቦታ ይይዛልና።

አማርኛው በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሲወጣስ? የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን የተለያየ በሽታ ናቸው። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ በመንገድ ጠፍቷል፤ ሳጥን ከሆነ ፊደሉ ደርሷል፣ መስኮቱ የሚያሳይበት ፎንት ነው የሌለው። ሳጥኑን ቀድቶ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ያረጋግጣል፤ እዚያ አማርኛ ሆኖ ከታየ ኮዱ ጤነኛ ነው። ጠፍቶ ከሆነ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ፣ ከጃቫ 18 በፊት ባሉት ስሪቶች ኮምፓይል ሲደረግም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ለጃቫክ መንገር፣ ኮማንድ ፕሮምፕቱንም ወደ ኮድ ገጽ 65001 ማዛወር ነው። ቫሪያብሎችንስ በአማርኛ መሰየም ይቻላል ወይ ለሚሉም ይቻላል፤ ዋጋ፣ ኩንታል፣ ማሳ ብሎ መጻፍ ጃቫ ይፈቅዳል። ለመማሪያ ጊዜ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ሐሳቡ ቶሎ ይገባልና። ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር ለሚሠራበት ኮድ ግን አልመክረውም።

ተማሪዎች የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ በየትኛው ፕሮግራም እንጻፍ የሚለው ነው። ኢንቴሊጄና ኔትቢንስ ድንቅ ናቸው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ላፕቶፕ ግን ይከብዳሉ፣ ለጀማሪም ጃቫክንና ፎልደሩን ይደብቁበታል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በተራ ኤዲተርና በኮማንድ ፕሮምፕት ማሳለፍን እመርጣለሁ። ከጃቫ 11 ወዲህ አንድ ፋይል የሆነን ፕሮግራም ለብቻው ኮምፓይል ሳያደርጉ በቀጥታ ማስኬድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጃቫ 25 ደግሞ ጀማሪው ሳይገባው በቃሉ የሚሸመድደውን ያንን ረጅም የሜይን መግቢያ አሳጥሮለታል።

የዕድር መዋጮ የሚመዘግብ ሰው ዘግይቶ የሚደርስበት ጥያቄ የቀን አቆጣጠር ነው። ወር 13 ብሎ ጳጉሜን ሲያስገባ ሎካል ዴት የሚባለው የጃቫ የቀን ክላስ ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው ብሎ ይወድቃል። ጃቫ ከራሱ ጋር የጃፓን፣ የታይላንድና የሂጅራ አቆጣጠሮችን ይዞ ይመጣል፤ የእኛን አይዝም። ትሪቴን ኤክስትራ በሚባለው ነፃ ላይብረሪ ውስጥ ግን ኢትዮፒክ ዴት የሚባል ክላስ አለ። ኔትወርክ ባለበት ቀን አንዴ ካወረዱት ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለመፈተኛ 2015 ዓ.ም. ይመቻል፤ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ነውና። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሆነው ከወጡ ላይብረሪው በትክክል ገብቷል።