«እኔ ከየትም አልመጣሁም»

ሰሞኑን ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ሻሸመኔ ወርጄ ነበር። ሚኒባሳችን ከአዲስ አበባ መጥቶ ከተማዋ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ረዳቱ «ጃማይካ የሚወርድ?» ብሎ ጮኸ። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ጸጉሩን ገምዶ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ኮፍያ የሸፈነ ጎልማሳ እጁን አነሳ። እኔም ሰው አክባሪ ልሁን ብዬ በእንግሊዝኛ «ወደዚህ አገር ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት።

ፈገግ አለ። «አባቴ ነው የመጣው፤ እኔ እንኳ ከየትም አልመጣሁም» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ከዚያ ረዳቱን በኦሮምኛ ቀልዶበት፣ መልሱን ተቀብሎ ወረደ።

እናላችሁ፣ አፍሬ ቀረሁ። ያ ሰፈር እንዴት እንደተጀመረ ማሰብ የጀመርኩትም ያኔ ነው።

ነገሩ የሚነሳው ከጣልያን ወረራ ነው። ፋሺስት አገራችንን ሲወር በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች የሚኖሩ ጥቁሮች የራሳቸው ቤት የተቃጠለ ያህል ተቆጡ፤ ሰልፍ ወጡ፣ ከሌላቸው ላይ አዋጡ። አሜሪካ የተማሩት ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን ይህንን ድጋፍ ለማስተባበር እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ከድል በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውለታ ለመመለስ ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ሁለት መቶ ሄክታር መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ጄምስ እና ሔለን ፓይፐር የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1948። ትውልዳቸው ከጃማይካ ሳይሆን ሞንሴራት ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ነው። ራስታዎችም አልነበሩም። የፌዴሬሽኑ አባላት ሆነው መጡ፤ መሬቱን የማስተዳደር ኃላፊነትም በእነሱ ላይ ወደቀ። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ «ጃማይካ» ሲባል የበር ከፋቾቹን ደሴት ስም የሚያነሳ የለም።

እስቲ አስቡት። ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ቋንቋውን አያውቁት፣ በጋና ክረምቱን አልለመዱት። እጃቸው ላይ ያለው የንጉሥ ቃል ብቻ ነው። የንጉሥ ቃል ደግሞ መሬት ይሰጣል እንጂ ጎረቤት አይሰጥም። በዚያን ዘመን ደቡቡ አገር ላይ መሬት የሚታደለው ከላይ ነበር፤ ብዙው ገበሬ ባረሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነበር። «ንጉሥ ሰጠኝ» ብሎ ለሚመጣ እንግዳ የአካባቢው ሰው ልቡ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ጉርብትናውን የሠሩት ራሳቸው ሰፋሪዎቹና ነባሮቹ ናቸው፤ በገበያ፣ በቡና፣ በለቅሶ።

ከፓይፐሮች በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። ኖኤል ዳየር የሚባለው ራስታ እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንግሊዝ ተነስቶ፣ ሰሜን አፍሪካንና ሱዳንን አቋርጦ፣ ከዓመት በላይ ተጉዞ ነው የደረሰው። ያውም ብዙውን መንገድ በእግሩ! ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ደግሞ ከዚያች ደሴት የሚመጣው ሰው እየጨመረ ሄደ፤ ሰፈሩም ስሙን አገኘ።

ብዙም ሳይቆይ ግን አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የንጉሥ ስጦታ የሚባል ነገር አከተመ። አዋጁ ለጭሰኛው ነፃነት ነበር፤ ለእነዚህ ቤተሰቦች ግን ባሕር ያሻገራቸው ቃል መሻር ነው። አንዳንዶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው አገር ለቀቁ፤ አንዳንዶቹ ቀሩ። የቀሩት ልጅ ወለዱ፣ ልጆቹም ልጅ ወለዱ።

ጥያቄው ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሕግ ዜግነት የሚወረሰው ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንጂ ከተወለዱበት መሬት አይደለም። ከውጭ ዜጎች ተወልዶ ሻሸመኔ ያደገ ልጅ በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። እርግጥ በ2009 ዓ.ም. መንግሥት ለራስታዎች መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታውቋል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር የሚያስችል። ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዜግነት ግን አይደለም።

ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ ሰው የ1996ቱ አዋጅ ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻል ነው። ያ የሚኒባስ ጎረቤቴ አማርኛውን እኔን ሲያርም፣ ኦሮምኛውን ረዳቱ ላይ ሲቀልድ፣ ፈተናውን ሁለት ጊዜ አለፈ ማለት ነው።

እኔን ምን አሳፈረኝ መሰላችሁ? እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ልጇ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ ሰው ባገኘው ቁጥር «ከየት ነው የመጣኸው?» እያለ እንደሚጠይቀው በስልክ ስትነግረኝ ደሜ ይፈላል። «ምን የሚሉት ጥያቄ ነው!» እላለሁ። ከዚያ ሚኒባስ ላይ ወጥቼ፣ አገሩ ላይ የተቀመጠን ሰው፣ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ።

የሕጉ ነገር የሚመለከታቸው ይነጋገሩበት። አጠያየቅን ማስተካከል ግን አዋጅ አይፈልግም፤ የእኔና የእናንተ ፋንታ ነው።

ስመለስ ሚኒባሱ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። አንዲት ልጅ እግር እናት ጸጉሩ ከተገመደ ሕፃን ልጇ ጋር ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። አፌ ላይ የመጣውን ጥያቄ ዋጥኩትና «ወዴት ነው የምትሄዱት?» አልኳት፣ በአማርኛ።

«ዝዋይ፣ አክስቱ ጋ» አለችኝ።