ወደ አዲስ ቤት ከመግባት አስቀድሞ

የጭቃ ቤት ሥራ ጣራው በቆርቆሮ ተከድኖ ግድግዳው በተመረገ ጊዜ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ለነዋሪው ጤና እጅግ የሚበጀው ሥራ ገና ቀሪ ነው።

ከጭድ ጋር የቦካው የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ትኋን ቀን በስንጥቁ ውስጥ ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት ይወጣል፤ ስለዚህ ምርጊቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በላመ ጭቃ ተለስኖ ስንጥቁ ሁሉ ሊደፈን ይገባል። በልስኑ ላይ የሚቀባው ኖራ ቤቱን ብሩህ ያደርገዋል፤ እድፍና ተባይ ቢኖርም ያጋልጣል። የዝናቡንም ውኃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ በቤቱ ዙሪያ ይቆፈር።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባው፣ እርጥቡ ግድግዳ ቶሎ ይድረቅ በማለት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ማደር ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ ቢቀላም መርዙ መውጣቱን አይተውም።

ግድግዳን ያለ ጉዳት የሚያደርቁት ፀሐይና ነፋስ ናቸው። እንግዲህ የቤቱ ባለቤት መስኮቱን ከፍቶ ይታገሥ፤ የምረቃው ድግስ ቢዘገይ ይሻላል።