አፍንጫ ሲደፈን፦ ጨው፣ የፈላ ውሃና የተከፈተ መስኮት

በኢምባካሲ ጠዋት ጠዋት ከየበሩ ጀርባ የሚሰማው የማስነጠስ ድምፅ ለማናችንም አዲስ አይደለም። አንዱ «ሳይነሴ ተነሳብኝ» ይላል። ሌላው «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የናይሮቢ አየር አልተስማማኝም» ብሎ ከፋርማሲ ኪኒን ይገዛል። በየቤቱም ከአገር ቤት የመጣ መፍትሔ አለ። የባህር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን፣ ዝንጅብል በሻይ፣ ዳማከሴ አሽቶ ማሽተት የማያውቅ የለም።

ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቅም አለ፣ የማይጎዳ አለ፣ በአጠቃቀሙ ምክንያት የሚጎዳም አለ። ከሁሉ በፊት ግን አፍንጫችንን የሚያስቆጣው ነገር ብዙ ጊዜ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

አለርጂ ነው፣ ጉንፋን ወይስ ሳይነስ?

አለርጂ ሰውነታችን አቧራን፣ የአበባ ብናኝን ወይም ሻጋታን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የሚመጣ ነው። በተከታታይ ያስነጥሳል፣ አፍንጫንና ዓይንን ያሳክካል፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ያወርዳል። ትኩሳት የለውም፤ መንስኤው እስካለ ድረስ ለሳምንታት ይቆያል።

ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ጉሮሮን ያማል፣ አንዳንዴም ያተኩሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል።

ሳይነስ የምንለው በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉት ባዶ ቦታዎች ሲያብጡና መውጫቸው ሲዘጋ ነው። ጎንበስ ሲሉ ፊት ይከብዳል፣ ንፍጡ ይወፍራል፣ ሽታ መለየት ያስቸግራል። አለርጂም ጉንፋንም ወደዚህ ሊያደርሱ ይችላሉ። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም።

በአካባቢያችን ምን አለ?

በደረቁ ወራት አቧራው ከጥርጊያ መንገዱና ከሚገነቡት ሕንፃዎች ይነሳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ባሉት የዝናብ ወራት ደግሞ ግድግዳ ይረጥባል፣ ሻጋታ ያበቅላል። ዝናቡ ሲያባራ ሣሩ ያብባል። ብዙ ሰው መንገድ ዳር የሚያብበውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የጃካራንዳ ዛፍ ይከስሳል። የጃካራንዳን ብናኝ ግን የሚያጓጉዙት ነፍሳት ናቸው። በነፋስ ተጉዞ አፍንጫችን ውስጥ የሚገባው ይበልጡን የሣር ብናኝ ነው።

ከዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ የሚነሳው ጭስም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት በመጣያው አካባቢ ከተመረመሩት 328 ልጆች ግማሽ ያህሉ በደማቸው ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኝቶባቸዋል። የመተንፈሻ አካል ሕመም የነበረባቸውም ብዙ ነበሩ።

ይህን ጭስ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያስቆመው አይችልም። በቤት ውስጥ ያለውን ግን መቀነስ እንችላለን። በአገራችን በርበሬ የሚታመሰው፣ ከሰሉ የሚቀጣጠለው ደጅ ላይ ወይም በተለየ ማድ ቤት ነበር። እዚህ በፓይፕላይን ፎቆችም ሆነ በሙኩሩ የቆርቆሮ ቤቶች ብዙዎቻችን የምናበስለው፣ ልብስ የምናሰጣውና የምንተኛው በአንዲት ክፍል ነው። ቡናው ሲቆላ ዕጣኑም እዚያው ይጨሳል። ዕጣን መልካም መዓዛ ቢኖረውም ጭስ ነው። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት መስኮትና በር ከፍቶ በጥቂቱ ማጨስ፣ ወይም ከነጭራሹ መተው ይሻላል።

ሳይነስ የሚመስል የከሰል መርዝ

ይህን ክፍል በተለይ ልብ ብለው ያንብቡ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ አካባቢ ናይሮቢ ስትቀዘቅዝ የከሰል ጂኮ ይዞ በር ዘግቶ የሚተኛ አለ። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ሰውየው «ሳይነሴ ነው» ብሎ ኪኒን ይውጣል፤ ማታ እንደገና ጂኮውን ያስገባል።

መለያው እንዲህ ነው። ራስ ምታቱ ደጅ ሲወጡ ቀለል የሚል ከሆነ፣ በቤቱ ያሉት ሌሎች ሰዎችም አብረው ከታመሙ፣ ከሰሉን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ያውጡና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ ጋዝ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ፍሙ አመድ የለበሰ ቢመስልም ጂኮ ሰው በተኛበት ቤት ማደር የለበትም።

በጨው ውሃ ማጠብ

በቤት ከሚደረጉት ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ያለው አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። አቧራውንና ብናኙን ያወጣል፣ የወፈረውን ንፍጥ ያቀጥናል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ውሃ ያፍሉ። መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም ከድነው ለብ እስኪል ያቀዝቅዙ።
2. በግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ያልተቆለለ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። ካለ ትንሽ ቁንጥር የመጋገሪያ ሶዳ መጨመር ማቃጠሉን ይቀንሳል።
3. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙ።
4. ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ራስዎን ወደ ጎን ያዘንብሉ። በአፍዎ እየተነፈሱ ውሃውን በላይኛው ቀዳዳ ቀስ አድርገው ይግፉት፤ በሌላኛው ይወጣል። ከዚያ ጎኑን ይቀይሩ።
5. ቀስ ብለው ይናፈጡ። ሲሪንጁን በፈላ ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ የተረፈውን የጨው ውሃ በማግሥቱ አይጠቀሙበት። ሲሪንጅ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይሁን።

በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይበቃል። ለሕፃናት ግን በሲሪንጅ አይግፉ፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ በየቀዳዳው ማድረግ በቂ ነው።

ውሃው መፍላት ያለበት ለምንድን ነው? በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን ያጠቡ 2 ሰዎች በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል በሚገባ አሜባ ሞተዋል። በፓኪስታን ካራቺም እንዲህ ያለ ሞት በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገሩ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም የጀሪካን ውሃ ከየት እንደተቀዳ ለማናውቅ ለእኛ ጥንቃቄው ግድ ነው። ለውዱእ አፍንጫቸውን የሚያጥቡ ወገኖችም ቢቻል አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ ቢጠቀሙ መልካም ነው።

መታጠንና የአገር ቤት ቅጠሎች

በእንፋሎት መታጠን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል እንጂ በሽታውን አያድንም። አደጋው ግን እውነተኛ ነው። በጠባብ ክፍል የፈላ ድስት ተደፍቶ የሚቃጠሉት ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው። ልጅን በፎጣ ሸፍነው በፈላ ውሃ ላይ አያጥኑ። አዋቂ ቢሆኑም ድስቱን ከእሳት አውርደው፣ ወለል ላይ ሳይሆን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ እንፋሎቱ እስኪበርድ ጠብቀው ይጠቀሙ።

በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባህር ዛፍ፣ እዚህ በስዋሂሊ ሚካራቱሲ የሚባለው፣ አፍንጫ የተከፈተ ያህል እንዲሰማን የሚያደርግ ዘይት አለው። ሆኖም በብልቃጥ የሚሸጠው የባህር ዛፍ ዘይት ሲጠጣ መርዝ ነው፤ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ።

ታንጋዊዚ በሚል ስም ከገበያ የሚገዙት ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር በሙቅ ውሃ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ፈሳሽ መጠጣቱም ይጠቅማል። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይስጡ። ዳማከሴን አሽቶ ማሽተት የሚያስደስትዎ ከሆነ ያሽትቱ፤ ጭማቂውን ግን አፍንጫ ውስጥ አያንጠባጥቡ። ነጭ ሽንኩርትም በአፍንጫ አይክተቱ፤ የውስጡን ስስ ቆዳ ያቆስላል። ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና አዳምን እንደ መድኃኒት አይጠጡ፤ ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል።

ቤቱን ማከም

በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ ይኖራል። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይጠቡ፤ ፍራሹንም ፀሐይ ያስመቱ። ወለሉን ከመጥረግ በፊት ውሃ ርጭት ያድርጉ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። የምግብ ትርፍራፊ አያሳድሩ፤ የበረሮ ኩስ ራሱ አለርጂ ያስነሳል። እርጥብ ልብስ የሚቻል ከሆነ ውጭ ያስጡ። ጠዋት መስኮት ይክፈቱ፤ የቆሻሻው ጭስ ወይም የመንገዱ አቧራ ሲበረታ ደግሞ ይዝጉ።

ከፋርማሲ ሲገዙ

ፒሪቶን እንቅልፍ ያስይዛል፤ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ወይም በማሽን የሚሠራ ሰው ይጠንቀቅ። እንቅልፍ ብዙ የማያስይዙ እንደ ሎራታዲን ያሉ አሉና ባለሙያውን ይጠይቁ። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች ከ5 ቀን በላይ ከተወሰዱ አፍንጫውን መልሰው ይዘጉታል። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት በቅጠል አይተካ።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ እንሂድ?

• ሕመሙ ከ10 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ ከባሰ
• ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታ ከተደበላለቀ፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ወይም ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ከመጣ
• ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ፣ ወይም ልጅ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ
• ከልጅ አፍንጫ በአንድ በኩል ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከወጣ፤ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትቶ ሊሆን ይችላል
• ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈ፤ በኬንያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራም ሕክምናም በነፃ ነው

በሁለተኛውና በሦስተኛው የተጠቀሱት ምልክቶች ከታዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። ማማ ሉሲ ኪባኪ ሆስፒታል በኢምባካሲ አካባቢ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው።

ውድ በጎ ፈቃደኞች፣ በቤት ለቤት ጉብኝታችሁ «ምን መድኃኒት ወሰዱ?» ከማለታችሁ በፊት «ጂኮው የት ያድራል? ልብሱ የት ይሰጣል? መስኮቱ ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እናቶች በቅጠላቸው አይፈሩ፣ አይሸማቀቁም። ዝንጅብሉ ይቀጥል፤ ጂኮው ግን ደጅ ይደር።