በኪስ የምትገባው ወይስ ሌንሷ የሚቀየረው?

መስከረም 1 የመርካቶው ራጉኤል ይነግሣል። ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆም ያለው ብርሃን ጧፍና አምፖል ነው። ሲነጋ ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ ሰማዩ የክረምቱን ደመና ገና አልጣለም። ፀሐይ ደመናውን ሰንጥቃ የወርቅ ዘቦ ጥላዎቹ ላይ ስታርፍ ደግሞ ዓይን ታጥበረብራለች፤ ከጥላው ሥር ያለው የካህኑ ፊት ግን ጨለማ ውስጥ ይቀራል። በአዘቦት ቀን ከቅጥሩ ሲወጡ ሌላ ዓለም ይጠብቃል። ታላቁ አንዋር መስጊድ እዚያው ቅርብ ነው፤ መንገዱ ዳርና ዳር ሱቅ፣ መሀሉ ጭነት ተሸክሞ «ዞር በል!» እያለ የሚያልፍ ሰው። የመጀመሪያ ካሜራውን ሊገዛ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ካሜራዎችን ማወዳደር ያለበት በሱቅ መስኮት ሳይሆን በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚያመነታው በሁለት ዓይነት ካሜራ መካከል ነው። አንደኛዋ ሌንሷ የሚቀየረው «ሚረርለስ» ናት። ከእሷ በፊት ባለሙያዎች ይዘዋቸው የሚዞሩት ትልልቅ ካሜራዎች በሌንሱና ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ በሚያደርገው ሴንሰር መካከል ምስሉን ወደ ዓይን የሚያንጸባርቅ መስታወት ነበራቸው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ1 በተባለች ካሜራ መስታወቱን አስቀረው፤ ምስሉ ከሴንሰሩ በቀጥታ ወደ ስክሪን መጣ፤ የካሜራውም አካል ቀጠነ። ዛሬ የካኖን አር50፣ የኒኮን ዜድ30 እና የሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ከዚህ ቤተሰብ ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው።

ሁለተኛዋ ኮምፓክት ናት። ሌንሷ ከአካሏ አይነቀልም፤ ስትዘጋ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ኪስ ትገባለች። የኮምፓክትን ገበያ ስልክ በላው። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ የነበረው፣ በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ከሞት የተረፉት በአብዛኛው ሴንሰራቸው ከስልክ የሚሰፋው፣ ሌንሳቸውም ብዙ ብርሃን የሚያስገባው ናቸው፤ የካኖን ጂ7ኤክስ፣ የሶኒ አርኤክስ100 እና ዜድቪ-1ን የመሳሰሉት። እነዚህ ርካሽ አይደሉም። በየሱቁ በካርቶናቸው ላይ «48 ሜጋፒክስል» ተጽፎባቸው በጥቂት ገንዘብ የሚሸጡት ስም የለሽ ትናንሽ ካሜራዎች ሌላ ነገር ናቸው። ሴንሰራቸው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከደህና ስልክ የተሻለ ፎቶ አይሰጡም። ለእነሱ ገንዘብ ባይወጣ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሻጩም ጓደኛም «ሚረርለስ ሴንሰሯ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ትበልጣለች» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። የአንድ ፋብሪካ ሁለት እህትማማቾችን፣ ዜድቪ-1ን እና ዜድቪ-ኢ10ን እንያቸው፤ በወጡ ጊዜ ሁለቱም 800 ዶላር ገደማ ነበሩ፤ የኋለኛይቱ ከነሌንሷ። የዜድቪ-ኢ10 ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዜድቪ-1 ደግሞ 13.2 በ8.8። በስፋት ሦስት እጥፍ ይበላለጣሉ። ነገር ግን ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው በሌንሱ በኩል ነውና የሌንሱንም ቀዳዳ መለካት አለብን።

ከዜድቪ-ኢ10 ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ከ16 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ዙም የሚያደርገው ሌንስ፣ በሰፊው ሲያይ ቀዳዳው 4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። የትንሿ የዜድቪ-1 ሌንስ በዚያው የእይታ ስፋት 5.2 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ዙሙ እስከ መጨረሻ ሲሳብ የመጀመሪያዋ 8.9፣ ሁለተኛዋ 9.2 ትደርሳለች። ሰፊ አዳራሽ በጠባብ በር ሰው ቢገባበት ቶሎ እንደማይሞላ ሁሉ፣ ትልቁ ሴንሰርም ትንሽ ብርሃን ከገባለት ትልቅነቱ ብዙ አይረባውም። ማኅሌት በቆመበት ሌሊት በእነዚህ ሁለት ካሜራዎች የተነሳ ፎቶ ጥራቱ ይቀራረባል፤ ትንሿ በጥቂቱ ብትቀድም እንኳ የሚገርም አይደለም። ብዙ ወጣት ይህንን ሳያውቅ ትልቋን ገዝቶ፣ ከካርቶኑ በወጣው ሌንስ ብቻ ዓመታት ሲሠራ ማየት ያሳዝነኛል። የከፈለበትን ነገር አላገኘውም።

ሌንሱ ሲቀየር ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሲግማ ለሶኒ የሠራው፣ ዙም የሌለው 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳው ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ ይከፈታል፤ ከካርቶኑ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ከስድስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። የዚያው ፋብሪካ 30 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳ 21 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ለካኖን አር50 የሚሆነው ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ፣ ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ የነበረው፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል፤ ለሙሽራ ፊት፣ ለክርስትና ሕፃን፣ ከኋላ ያለውን ግርግር አደብዝዞ ሰውየውን ብቻ ለማውጣት ከዚህ የሚሻል ርካሽ ሌንስ አላውቅም። በዚህ ደረጃ ኮምፓክት ልትከተል አትችልም።

ስለዚህ ጥያቄው «የትኛዋ ትሻላለች?» ሳይሆን «ሁለተኛ ሌንስ ትገዛለህ ወይ?» ነው። ሰርግና ልደት ማንሳት ለመጀመር ያሰበ፣ ገንዘቡንም ከመጀመሪያው ለካሜራና ለሌንስ ብሎ የከፈለ ሰው ሚረርለስን ይግዛ። ሁለተኛ ሌንስ የመግዛት ሐሳብ የሌለው፣ ወይም አቅሙ ለአሁኑ እዚያ የማይደርስ፣ ጥሩ ኮምፓክት ይዞ ቢወጣ ብዙ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

ብዙ ፎቶ ይዞ ይመለሳል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዜድቪ-1 ባትሪዋን ጨምሮ 294 ግራም ትመዝናለች። ዜድቪ-ኢ10 ከነሌንሷ 460 ግራም ገደማ ናት፤ የሲግማው 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻውን 405 ግራም ሲሆን ከካሜራዋ አካል ይከብዳል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ከራጉኤል ወደ ምናለሽ ተራ በሰው ትከሻ መሀል ለሚሄድ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አንደኛዋ የውስጥ ኪስ ውስጥ ዚፕ ተዘግቶባት ትሄዳለች፣ ሌላዋ ቦርሳ ትፈልጋለች፣ ቦርሳ ደግሞ የሌባ ዓይን ይስባል። ትልቅ ሌንስ ሲወጣ ሰው ዞሮ ያያል፣ «ከየት ነህ?» ይባላል፣ ነጋዴው ፊቱን ያዞራል። ትንሿ ይህን ትቀንሳለች። ሆኖም በትንሽነቷ ተደብቆ ማንሳት የለም፤ ነጋዴውንም ተሸካሚውንም አስፈቅዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም የደብሩን አስተዳደር ጠይቆ ነው።

አቧራን በተመለከተ ሁለቱም ድክመት አላቸው። ሚረርለስ ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሯ ይጋለጣል፤ በበጋ መርካቶ መሀል ቆሞ ሌንስ መንቀል ጥሩ አይደለም፣ ሱቅ ወይም ታክሲ ውስጥ ይሻላል። የገባው አቧራ ግን በእጅ መንፊያ ሊወጣ ይችላል። ኮምፓክት የምትፈራው ሌንሷ ሲወጣና ሲገባ አቧራና አሸዋ ወደ ውስጥ ስቦ እንዳይጣበቅ ነው። ከተጣበቀ ካሜራዋ በሙሉ ቆመች ማለት ነው፤ የሚረርለስ ሌንስ ቢበላሽ ሌላ ሌንስ ይገጠማል። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ለሚረርለስ የሚመሰክር ትልቅ ነጥብ ነው። ባትሪም እንዲሁ፤ ፋብሪካው ለዜድቪ-1 በአንድ ሙሌት 260 ገደማ፣ ለዜድቪ-ኢ10 ደግሞ 440 ገደማ ፎቶ ይላል። የኋለኛይቱ ባትሪ በብዙ የቆዩ የሶኒ ካሜራዎችም ስለሚሠራ ትርፍ ማግኘት ይቀላል። የመጀመሪያይቱን የመረጠ ከግዢው ቀን ጀምሮ ትርፍ ባትሪ ይያዝ።

የትኛዋንም ቢገዙ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ። ካሜራ የብርሃኑን መጠን ስትወስን የምታየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብላ ትገምታለች። ነጭ የለበሰ ምእመን ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብላ ታጨልመዋለች። ነጠላው አመድ መስሎ፣ ፊቱም ጠቁሮ ይወጣል፤ የእኛ የፊት ቀለም ደግሞ ከሁሉ በላይ በዚህ ይጎዳል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጎ ወደ +0.7 ወይም +1 ማድረግ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጥለቱ ሳይነጣ ፊቱ መታየቱን ማረጋገጥ ነው። ፎቶውን «ሮው» በሚባለው ጥሬ የፋይል ዓይነት ማስቀመጥም በኋላ ኮምፒውተር ላይ ፊቱን ከጥላው ለማውጣት ይረዳል። ይህን ያወቀ ሰው በኮምፓክት የሚያነሳው፣ ያላወቀ ሰው በውድ ካሜራ ከሚያነሳው ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ከቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ የአርመን ፎቶ አንሺዎች የቤተ መንግሥቱንና የሹማምንቱን ፊት አቆይተውልናል። የመርካቶ ተራዎች ግን በየጊዜው እየፈረሱ፣ እየተሠሩ፣ አንዳንዴም እየነደዱ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ከሸቀጡ ጋር የቦታው መልክም ጠፍቷል። ከዚያ በፊት የሸማ ተራን መተላለፊያ፣ የነጋዴዎቹን አቀማመጥ፣ የተከመረውን ጥበብ ያነሳ ሰው ዛሬ በእጁ ያለው ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው። ቤት የቀረች ውድ ካሜራ እንዲህ ያለውን አታነሳም።

ስለ ግዢው ጥቂት ልበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሚወሰን የብር ዋጋ እዚህ መጻፍ አይጠቅምም፤ በርከት ያሉ ሱቆችን ጠይቆ በዚያው ቀን ማወዳደር ይሻላል። ያገለገለ ሲገዛ የራስን ሜሞሪ ካርድ ይዞ መሄድ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ሳይከፈል ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆን መቻሉን ያረጋግጡ። ሚረርለስ ከሆነች የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ማንሳት፤ ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ኮምፓክት ከሆነች ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት፣ ዙሙን ወጣ ገባ ማድረግ፣ ድምፁን ማዳመጥ፤ የሚንገጫገጭ ወይም መሀል ላይ የሚቆም ከሆነ ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስ አይውሰዷት። ሌንሱን በስልክ መብራት እያበሩ ውስጡን ይዩ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ደረሰኝ ይጠይቁ፣ የካሜራውም መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።