ኢሜይል ለቃሚው

ቁሉምሳ ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኝ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የአገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብረውም እሱ ነው። እዚያ የሚሠራ ተመራማሪ ስለ ስንዴ ዋግ ያጠናውን በሳይንሳዊ መጽሔት ሲያሳትም፣ ከጸሐፊዎቹ በአንዱ ስም ላይ ትንሽ ኮከብ ይደረግና ከገጹ ግርጌ የዚያ ሰው ኢሜይል ይወጣል። ጥያቄ ያለው ሁሉ እንዲጽፍለት ነው። ሜክሲኮ የሚሠራ ስንዴ አዳቃይም ሆነ እዚሁ አሰላ ያለ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚያች አንድ መስመር ያገኘዋል።

ያችን መስመር የሚፈልግ ሌላም አለ። አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራም ሊንክ እየተከተለ ከገጽ ወደ ገጽ ይዞራል። ስለ ስንዴም ስለ ዋግም ጉዳዩ አይደለም። ዓይኑ የሚያርፈው ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1971 እ.ኤ.አ. የሰውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም ለመለየት በመረጣት «አት» በምንላት ምልክት ላይ ነው። ምልክቷን ሲያገኝ በግራና በቀኟ ክፍት ቦታ እስኪገጥመው ድረስ ያሉትን ፊደላት ይወስዳል፤ በስተቀኝ በኩል ነጥብ ካለ አድራሻ ነው ብሎ ይመዘግባል። ጽሑፉ ፒዲኤፍ ውስጥ ቢሆንም አያመልጠውም። የተለቀመው ዝርዝር ይሸጣል፤ የገዛውም መልሶ ይሸጠዋል። ባለቤቱ አድራሻዬን አውጡልኝ የሚልበት በር የለም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይጎርፋል። ለተመራማሪ የሚመጣው በአብዛኛው «የተከበሩ ዶክተር» ብሎ ይጀምራል፤ ያሳተመውን ጥናት ርእስ ሳይቀር ጠቅሶ፣ በሳምንት ውስጥ ጽሑፍ ተቀብሎ የሚያትም «ዓለም አቀፍ» መጽሔት እንዳለ ያበሥረዋል። ክፍያው በዶላር መሆኑ የሚነገረው ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ነው። ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስለን። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በከሰሰው በሕንዱ ኦሚክስ ኩባንያ ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ፍርድ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ክሱም ጽሑፎቹ በባለሙያ ይገመገማሉ ብሎ ማታለልንና ክፍያን መደበቅን ይጨምራል። ለደረጃ ዕድገት ማሳተም ግዴታው የሆነ ወጣት መምህር የወራት ደመወዙንና የዓመታት ልፋቱን እንዲህ ላለ ቤት ሲያስረክብ ማሰብ ያንገበግባል። ለሌላው ነዋሪ ደግሞ «ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚለው ይመጣለታል። የአሜሪካ መንግሥት ግን የዲቪ ዕጣ የደረሰውን ሰው በኢሜይል አያበሥርም፤ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው።

መከላከያ አለው? አለው። ዋሽንግተን የሚገኘው ሴንተር ፎር ዲሞክራሲ ኤንድ ቴክኖሎጂ አዳዲስ አድራሻዎች ከፍቶ፣ የት የት ሲጻፉ ምን እንደሚመጣባቸው ተከታትሎ በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ከመጣው አይፈለጌ መልእክት 97 በመቶ ያህሉ የደረሰው ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ለተጻፉት ነበር። ምልክቷ ቀርታ «አት»፣ ነጥቡም «ዶት» ተብሎ በቃል ለተጻፉት ግን አንድም አልመጣም። ዛሬ ብዙዎቹ ለቃሚዎች ይህን ዘዴ ለምደውታል፤ ቢሆንም ሰነፉን አሁንም ያስቀራል። አድራሻን በምስል መለጠፍ ይሻላል፤ ችግሩ ዓይነ ስውር አንባቢ በስክሪን አንባቢ ሊሰማው አለመቻሉ ነው። መልእክት መላኪያ ቅጽ ደግሞ አድራሻውን ጨርሶ ከገጹ ያወጣዋል።

እኔ ግን ሁሉንም እንደብቅ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ስለ ዋግ የሚያጠና ሰው መገኘት አለበት። አዲስ የበሽታው ዝርያ ባሌ ወይም አርሲ ላይ ሲታይ የሚጻፍለት ሰው ያስፈልጋል፤ አድራሻው ከጠፋ ጉዳቱ ከአይፈለጌው መልእክት ይብሳል። የሚሻለው መለየት ነው። ለጥናት ወረቀትና ለማስታወቂያ የሚወጣው አንድ፣ ለባንክ፣ ለደመወዝና ለቤተሰብ የሚያገለግለው ሌላ ይሁን፤ ሁለተኛው የትም አይለጠፍ። ጂሜይል ያለው ሰው ደግሞ ከስሙ ቀጥሎ፣ ከ«አት» በፊት፣ የመደመር ምልክትና የፈለገውን ቃል ቢጨምር መልእክቱ እዚያው ሳጥኑ ይገባል። ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ ቃል ከሰጠ፣ አይፈለጌው ሲመጣ አድራሻውን ማን እንዳሾለከው ያውቃል።

ሕጉም ዝም አላለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን በእስራት ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም በኃላፊነት እንዲይዘው ያዝዛል። ላኪው ባሕር ማዶ ሲሆን የፊተኛው አዋጅ ብዙም አይደርስበትም። የኋለኛው ግን እዚሁ አጠገባችን ያሉትን ቢሮዎች ይመለከታል፤ እኔ ተስፋ የማደርገውም በእሱ ነው።

ምክንያቱም ለቃሚው የሚያገኘው አድራሻ ሁሉ ባለቤቱ የለጠፈው አይደለም። የሥልጠና ቀን በር ላይ የሚዞረውን የፊርማ ወረቀት እናውቀዋለን፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ፊርማ። ማታ ላይ ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ቻናል ይለቀቃል፤ ወይም በኤክሴል ተጽፎ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። በማግስቱ የሥልጠናው ጽሑፍ ለሁሉም ሲላክ ስልሳ ሰባ አድራሻ ተቀባይ በሚለው መስመር ላይ ተደርድሮ ሁሉም የሁሉንም ያያል። ላኪው ቢሲሲ በሚለው መስመር ቢያስገባው ኖሮ ማንም የማንንም አያይም ነበር፤ ድካሙም ያው ነው። የፊርማው ወረቀት ለሒሳብ ክፍል ማስረጃነት ያስፈልግ ይሆናል፤ እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ለሕዝብ የሚወጣው ዝርዝር ስምና መሥሪያ ቤት ይበቃዋል፤ የስልኩና የኢሜይሉ ዓምድ ከመለጠፉ በፊት ይሰረዝ።